በጻፍሁት ልውደቅ

ያለፈው ሳምንት ዓርብ፣ የባንካችን በር ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ የእኅቴን ልጅ ከመስኮቴ ፊት ተሰልፋ አየኋት፡፡ ገንዘብ ልታስገባም ልታወጣም አልነበረም፡፡ ተራዋ ሲደርስ አንድ የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ በጀርባው ገልብጣ አቀበለችኝ፡፡ አሥራ አንድ የትምህርት ክፍሎች በቁጥር ተደርድረውበታል፡፡ ከአንደኛው ቁጥር ፊት ለፊት «ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን» ይላል፤ ተሰርዟል፤ ከጎኑ እንደገና ተጽፏል፤ እንደገናም ተሰርዟል፡፡ ከሥሩ «ጋሼ፣ እስከ ሰኞ መሙላት አለብኝ» የሚል ቃል ሰፍሯል፡፡

ሒሳቤን ዘግቼ፣ ቀሪውን ለካዝና አስረክቤ፣ ከባንኩ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ይዣት ገባሁ፡፡ የአንደኛ ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ ለዕረፍት የመጣች ልጅ ናት፡፡ ውጤቷ ደኅና ነው፤ ግን ከላይኞቹ አይደለም፡፡ እናቷ ኢኮኖሚክስ ሙዪ ትላታለች፤ «አንቺም እንደ አጎትሽ ባንክ ትገቢያለሽ» እያለች፡፡ ጓደኞቿ ደግሞ ጋዜጠኝነት የሚቀበለው ጥቂት ነው፣ ዘንድሮ መቁረጫ ነጥቡ ከፍ ይላል፣ አንደኛ ሞልተሽ ካጣሽው የሁለተኛውንም ታጪዋለሽ እያሉ አስፈራርተዋታል፡፡ ብዙ ጠየቀችኝ፤ የቻልሁትን መለስሁ፡፡ አንዱ ጥያቄዋ ግን እንደ እሾህ ተሰክቶ ቀረ፡፡

«ጋሼ፣ ለመግባት ምን ብለው ነው የሚፈትኑን? ምን ላንብብ? ምን ምን እየጻፍሁ ልለማመድ?»

«ምንም» አልኋት፡፡ «አይፈትኗችሁም፤ ይደረድሯችኋል እንጂ፡፡»

የቀለድሁ መስሏት ሳቀች፡፡ እኔ ግን አልሳቅሁም፡፡ ይህ ጽሑፍ ከዚያች ሳቅ የተወለደ ነው፡፡

ውድ አንባብያን፣ የምናገረውን ጠንከር አድርጌ እንድናገር ፍቀዱልኝ፡፡ በሀገራችን አንድ ወጣት የጻፋትን አንዲት አንቀጽ እንኳ ማንም ሰው ሳያነብለት የጋዜጠኝነት ተማሪ ሊሆን ይችላል፡፡ ይባስ ብሎ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍ የኖረ ወጣት የጻፋትን አንዲት አንቀጽ ማንም ሳያነብለት ከዚያው በር ሊመለስ ይችላል፡፡ አንዱ ሳይነበብ ይገባል፤ ሌላው ሳይነበብ ይወጣል፡፡ የምቃወመው ይህንን ነው፡፡

መንገዱን ከሥር እንከተለው፡፡ የ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ሀገር አቀፉን ፈተና የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በሒሳብ፣ በአፕቲትዩድ፣ በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በመሳሰሉት ነው፡፡ ሁሉም ምርጫ ነው፡፡ «ሀ» ወይም «ለ» ወይም «ሐ» ወይም «መ»፡፡ የመጻፍ ችሎታ እንኳ የሚጠየቀው «ከሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች የትኛው ይሻላል?» ተብሎ ነው፤ ሌላ ሰው ከጻፋቸው አራት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ማጥቆር፣ መጻፍ ሆኖ ይቆጠራል፡፡ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመልሷል፡፡ ሎጂክ አለ፤ ሥነ ልቡና አለ፤ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ አለ፤ አንትሮፖሎጂ አለ፤ ሒሳብ አለ፤ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክህሎት አለ፤ የሰውነት ማጎልመሻም አለ፡፡ አንዱንም አልንቅም፤ ጋዜጠኛ ሁሉንም ቢያውቅ ይበጀዋል፡፡ ነገር ግን ነገ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሶማልኛ ዜና የምትጽፈው ልጅ በእነዚህ ቋንቋዎች አንዲት ገጽ ጻፊ የምትባልበት ሰዓት ከመካከላቸው የለም፡፡ ከዚያ ውጤት ይደመራል፤ ምርጫ ይሞላል፤ ስም ይደረደራል፡፡ ከተደረደረው ላይ እስከ ኮታው ተቆጥሮ ይሰመራል፡፡ ከመስመሩ በላይ ያለው ጋዜጠኛ ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው ሌላ ነገር ነው፡፡

በመውጫውም በር ያው ነው፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ግዴታ ሆኗል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው፡፡ እንግዲህ በማጥቆር የገባ በመጫን ይወጣል ማለት ነው፡፡ በመካከሉ ያሉት መምህራን የሚደክሙትን ድካም አውቃለሁ፤ ጽሑፍ ያስጽፋሉ፣ ያርማሉ፣ ይገሥጻሉ፡፡ ነገር ግን ሁለቱም በሮች ብዕር የማያውቁ በሮች ከሆኑ፣ በመካከል ያለው ቤት ስለ ብዕር ቢሰብክ ምን ያህል ይሰማል?

የእኔን ልንገራችሁ፡፡ በ2001 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ስገባ 19 ዓመቴ ነበር፡፡ ያኔ መንግሥት ከመቶ 70ውን ተማሪ ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ፣ 30ውን ለማኅበራዊ ሳይንስ ለመደልደል የተነሣበት ጊዜ ነው፤ በእኛ በኩል ያለው በር ይጠብ ጀምሮ ነበር፡፡ ሁለት ደብተር ሙሉ ግጥም ይዤ ነው የሄድሁት፡፡ ከሻንጣዬ ውስጥ ከልብሴ በላይ ያሳሰበኝ ያ ደብተር ነበር፤ ሰው የሚጠይቀኝ መስሎኝ፡፡ የምርጫው ቅጽ ሲታደል አንደኛ ጋዜጠኝነት፣ ሁለተኛ አማርኛ፣ ሦስተኛ ማኔጅመንት ብዬ ሞላሁ፡፡ ሦስተኛውን የሞላሁት አባቴ ደስ እንዲለው ነው፡፡

ድልድሉ በሬጅስትራሩ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ማታ ነበር፡፡ በእጅ ባትሪ ብርሃን ስማችንን ፈለግን፡፡ እኔ ማኔጅመንት ሆኜ አገኘሁት፡፡ አማርኛ ክፍሉ እንኳ ሞልቶ ነበር፡፡ አልጋው ከአልጋዬ በላይ የነበረው ልጅ ደግሞ፣ ከእኔ የተሻለ ውጤት የነበረው፣ ጋዜጠኝነት ደርሶት አገኘው፡፡ እርሱ የፈለገው ሕግ ነበር፤ ከሕግ ቀጥሎ ያሉትን ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሞላቸው፡፡ ሕግ ሲሞላበት ወደ ሁለተኛው ወረደ፡፡ ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም፡፡ እርሱ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ አልጋው ሲንጫጫ አደረ፡፡ ሊነጋ ሲል «ይህን ባውቅ ማኔጅመንት እሞላ ነበር» አለኝ፡፡ እኔም «እንለዋወጥ» አልሁት፡፡

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሬጅስትራሩ ደጃፍ ቆምን፡፡ የቢሮው ሰውዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፡፡ ሰሙን፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉት፡፡ «ልጆቼ፣ ይኼ ገበያ አይደለም፤ ድልድል ነው» አሉን፡፡ ደብተሬን ከብብቴ አውጥቼ «ጋሼ፣ እኔ እጽፋለሁ» አልኋቸው፡፡ ደብተሩን አላዩትም፡፡ «ጎሽ፣ በርታ» አሉኝ፡፡ ይኸው እስከ ዛሬ እየበረታሁ ነው፡፡

ያ ልጅ ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነው፡፡ አልፎ አልፎ ከመስኮቴ ፊት ይቆማል፡፡ ታታሪ ነው፤ ሐቀኛ ነው፤ ልጆቹን በሥርዓት ያሳድጋል፡፡ አንድ ቀን ቼኩን እየፈረመ «ያንተን ወንበር ይዤ ኖርሁ» ብሎኝ ነበር፡፡ «ዜና ለእኔ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ማን ከፈተው፣ ማን ዘጋው፡፡ ከዚያ በላይ ምን እንደሚፈለግ አሁንም አልገባኝም» አለ፡፡ ነገሩን ያለ ቅሬታ ነው የተናገረው፤ እኔን ያሳዘነኝም ያ ነው፡፡ እርሱ አልበደለኝም፤ እኔም አልበደልሁትም፡፡ ሁለታችንንም ሳይጠይቀን ያለፈ አንድ አሠራር ነው አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ ያከሰረው፡፡

ኪሳራው ደግሞ የሁለታችን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጮህም ነበር፡፡ የእያንዳንዱ አድማጭ ነው፡፡ በረዶ ማሳውን ያወደመበት ገበሬ ከዜናው ውስጥ ጠፍቶ «በተፈጥሮ አደጋው ዙሪያ ውይይት ተካሄደ» የሚል ብቻ ሲቀር፣ «አቅጣጫ ተቀመጠ»፣ «ርብርብ እየተደረገ ይገኛል»፣ «ግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ተዘጋጀ» ሲባል፣ እኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች እንስቃለን፡፡ በየግጥም ምሽቱ እንደዚህ ያለውን አማርኛ አስመስሎ የሚናገር ቀልደኛ አይጠፋም፤ እጃችን እስኪቀላ እናጨበጭባለን፡፡ ያን አማርኛ የሚጽፈው ሰው በየትኛው በር እንደገባ፣ ሲገባ ማን ጽሑፉን አይቶ እንዳስገባው ግን ጠይቀን አናውቅም፡፡ ጎተራው ሲከፈት ያልተነፋውን እህል፣ እንጀራ ሆኖ ሲቀርብ አሸዋ አገኘሁበት ማለት ምን ይጠቅማል?

«እንዲህ ያለ ፈተና የት ታይቶ ያውቃል?» የሚለኝ ቢኖር ሩቅ አልወስደውም፡፡ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ ሥዕል ልማር ያለ ሰው ሣል ይባላል፡፡ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ልማር ያለ ሰው ችሎታው በጆሮ ይመረመራል፡፡ ማንም «የጂኦግራፊ ውጤቱ ጥሩ ነውና ክራር ይዞ ይግባ» አይልም፡፡ ሠዓሊው መሣሉ፣ ሙዚቀኛው ማዜሙ የሚታይ ከሆነ፣ የሀገሩን ወሬ ለሀገሩ የሚያደርሰው ሰው መጻፉ የማይታየው በምን ኃጢአቱ ነው? ወይስ ቃል ከቀለምና ከዜማ ያንሳል? እኛ «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» እየተባለ ሲነበብ ያደግን ሕዝብ ነን፡፡

አሁን ተቃዋሚዎቼን ላድምጥ፤ አንዳንዶቹ የሚናገሩት እውነት አለውና፡፡

የመጀመሪያው ተቃውሞ የፍትሕ ነው፤ ከሁሉም የከበደውም እርሱ ነው፡፡ «ወዳጄ፣ ነጥብ ዘመድ የለውም፡፡ ጽሑፍ ግን ሰው ያርመዋል፤ ሰው ደግሞ የአክስት ልጅ አለው» ይሉኛል፡፡ እውነት ነው፡፡ ከገጠር የመጣው፣ በከተማው አንድም የሚያውቀው ሰው የሌለው ልጅ የሚተማመነው በቁጥሩ ነው፡፡ ያን መተማመኛ ልነጥቀው አልፈልግም፤ እኔም ያ ልጅ ነበርሁ፡፡ ነገር ግን እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሰውን አለማመን የተማርሁት ከግጥም አይደለም፤ ከሥራዬ ነው፡፡ በእኛ ቤት ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም፡፡ አንዱ ቁልፍ ከአንዱ ዘንድ፣ ሁለተኛው ከሌላው ዘንድ ነው፤ ሁለቱ ካልተገናኙ በሩ አይነቃነቅም፡፡ ይህን ያደረግነው ሰዎቹ ሌቦች ስለሆኑ አይደለም፤ ማንም ሰው ብቻውን እንዳይፈተን ነው፡፡ ሰው አይታመንም ብለን ግን ካዝናውን በግንብ አልደፈነውም!

ለጽሑፍም ሁለት ቁልፍ ይበጅለት፡፡ ከወረቀቱ ላይ ስም ይውጣ፤ የምሥጢር ቁጥር ይግባ፡፡ ሁለት መምህራን ሳይመካከሩ ይረሙት፡፡ ነጥባቸው ከተራራቀ ሦስተኛ ያንብበው፡፡ አማርኛውን አማርኛ የሚያውቅ፣ ኦሮምኛውን ኦሮምኛ የሚያውቅ ይየው፡፡ ውጤትም አይጣል፤ ግማሹን ይያዝ፤ ለሴቶች ልጆችና ዕድሉ ላልደረሳቸው አካባቢዎች የሚደረገውም ድጋፍ እንዳለ ይቀጥል፡፡ እኔ የምለው ቁጥር ይቅር አይደለም፤ ቁጥር ብቻውን ቁልፍ አይያዝ ነው፡፡

ሁለተኛው ተቃውሞ የብዛት ነው፤ «ስንቱን አንብበን እንችላለን?» የሚል፡፡ ይህ ሰበብ ያኔም ቀጭን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ተበጥሷል፡፡ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ፣ በ2017 8.4 ከመቶ፡፡ ይህ አኀዝ ሀገር የሚያስለቅስ አኀዝ ነው፤ ልቅሶውን ለሌላ ቀን ላቆየው፡፡ ነገር ግን ቢያንስ አንድ ነገር ይነግረናል፤ በየግቢው የደረሱት ጥቂቶች ናቸው፡፡ ሁለት መቶ ልጆች ጋዜጠኝነት አንደኛ ምርጫችን ነው ቢሉና እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ቢጽፉ ሁለት መቶ ገጽ ነው፡፡ አንድ መካከለኛ ልብ ወለድ ማለት ነው፡፡ የጋዜጠኝነት መምህራን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተካፍለው፣ የአንድ ልብ ወለድ ያህል ማንበብ ካልቻሉ ችግሩ ከተማሪዎቹ ብዛት አይደለም፡፡

ሦስተኛው ተቃውሞ ከራሳችን ሰፈር፣ ከብዕር ሰዎች መንደር ይመጣል፡፡ «ጋዜጠኝነት በትምህርት አይገኝም፡፡ ጳውሎስ ኞኞ የት ተማረ? ለማን አመለከተ?» ይላሉ፡፡ እውነት ነው፤ ጳውሎስ ከአራተኛ ክፍል የዘለለ መደበኛ ትምህርት እንዳልነበረው በሰፊው ይታወቃል፤ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ ግን ለስንቱ መምህር ሆኗል፡፡ ብርሃኑ ዘሪሁንም ከተግባረ እድ ትምህርት ቤት ወጥቶ ነው ጋዜጣ አዘጋጅ የሆነው፡፡ ነገር ግን ይህ ምስክርነት ለእኔ እንጂ በእኔ ላይ አይቆምም፡፡ ጳውሎስን ያስገባው ማን ነው? ጽሑፉን አንብቦ «ይህ ሰው ይችላል» ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም፡፡ ያ ዘመን ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ይህች አንዲት በር ግን ነበረችው፡፡ የዛሬው በር ጳውሎስ ኞኞ ቢመጣ የሚጠይቀው የሰነድ ማስረጃ ነው፡፡ በሌላ በኩል በዓሉ ግርማን እዩ፡፡ እርሱ ተምሯል፤ አሜሪካ ድረስ ሄዶ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፡፡ ትምህርቱ ብዕሩን አላደነዘዘበትም፤ መነንን፣ አዲስ ሪፖርተርን፣ አዲስ ዘመንን አዘጋጀ፤ በ1975 ዓ.ም. የታተመውን «ኦሮማይ»ን የጻፈው ሥራውን የሚያውቅ ጋዜጠኛ ስለነበረ ነው፡፡ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አለመመለሱም ይህ ሙያ በሀገራችን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይነግረናል፡፡ እንዲህ ያለ ዋጋ ሊጠይቅ የሚችልን ሙያ «ሕግ ሞላብኝ» ብሎ ለገባ ልጅ በድልድል ማሸከም ለልጁስ ፍትሕ ነው?

አራተኛው የእኅቴ ተቃውሞ ነው፤ «ደመወዙ ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ» የሚል፡፡ ለእርሷ አንድ መልስ ብቻ አለኝ፡፡ ደመወዙ ትንሽ፣ ጣጣው ብዙ መሆኑን እያወቀ «እኔ ልግባ» የሚል ልጅ ከተገኘ፣ ቢያንስ ጽሑፉን አንብቡለት፡፡

ከዚህ በኋላ ወደ ራሴ ልመለስ፤ ሰው ሌላውን ሲከስ የራሱንም ሒሳብ መዝጋት አለበትና፡፡

ከእኅቴ ልጅ ጋር ከተለያየን በኋላ ቤት ገብቼ ያን የ2001 ዓ.ም. ደብተር ከሣጥን አወጣሁት፡፡ አሥራ ሰባት ዓመት የተበደልሁበትን ማስረጃ ነው የማወጣ መስሎኝ ነበር፡፡ የመጀመሪያው ግጥም በአውቶቡስ መናኸሪያ ሎተሪ ስለምትሸጥ አንዲት ሴት ነው፡፡ ሠላሳ ሁለት መስመር አለው፡፡ እንባዋ እንደ ክረምት ዝናም ይወርዳል፤ ልቧ እንደ ሸክላ ይሰበራል፤ ዕጣ ትሸጣለች፣ ዕጣ ግን የላትም፡፡ ያኔ ይህቺን መስመር ስጽፍ ከመደሰቴ የተነሣ እራት አልበላሁም፡፡ አሁን ሳነበው ግን ሴትዮዋን ፈልጌ አጣኋት፡፡ ስሟን አልጠየቅሁም፡፡ አንዱን ቲኬት ስንት እንደምትሸጠው፣ ከዚያ ስንቱ ለእርሷ እንደሚቀር፣ ያልተሸጠው ሲያድር ኪሳራው የማን እንደሆነ አንድም ቃል የለም፡፡ ስታለቅስ አይቻት እንደሆነም እጠራጠራለሁ፡፡ ያለቀስሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ እንባውን ለእርሷ አስመዘገብሁት፡፡

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ያኔ የምለው ፈተና ቢኖር ኖሮ ምናልባት እወድቅ ነበር፡፡ ይህን ለማመን አንድ ሌሊት ፈጀብኝ፡፡ ግን ደግሞ አስቡት፡፡ አንድ መምህር ወረቀቴ ላይ በቀይ «ሴትዮዋ የታለች?» ብሎ ጽፎ ቢጥለኝ ኖሮ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ የገባኝ ነገር በ19 ዓመቴ ይገባኝ ነበር፡፡ የተሻለ ጋዜጠኛ ባልሆን የተሻለ ገጣሚ እሆን ነበር፡፡ እኔ ግን ከደጅ የተመለስሁት በጥቂት ነጥብ ነው፡፡ ነጥብ ሰውን ይመልሳል እንጂ አይመክርም፡፡ «እችል ነበር፤ ከለከሉኝ» የምትል መራራ ጣዕም አፌ ውስጥ ትቶ አሰናበተኝ፤ ያችን እያላመጥሁ አሥራ ሰባት ዓመት ኖርሁ፡፡ ስንቱ የባንክ ጸሐፊ፣ ስንቱ የግዢ ሠራተኛ፣ ስንቱ የመዝገብ ቤት ሹም ይህችኑ እያላመጠ እንደሚኖር ቢቆጠር!

ፈተናው ይኑር ስል እንግዲህ ለአሸናፊዎቹ ብቻ አይደለም፡፡ ለሚወድቁትም ነው፡፡ ሦስት ሰዓት ይሰጣቸው፡፡ በመጀመሪያው ሰዓት ከግቢው በር ይውጡና በሥራ ላይ ያለ አንድ ሰው አነጋግረው ይመለሱ፡፡ በሁለተኛው ሰዓት ያዩትንና የሰሙትን በሚኖሩበት ቋንቋ በአንድ ገጽ ይጻፉ፡፡ በሦስተኛው ሰዓት ድምሩ የተሳሳተ አንድ ሪፖርት ይሰጣቸውና ስሕተቱን ያግኙ፤ ይህን የምለው በባንክ ሠራተኛነቴ ነው፤ መደመር የማይችል ጋዜጠኛ ባለሥልጣን የነገረውን ቁጥር ሁሉ ያሳልፋልና፡፡ ለዚህ አዳዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም፡፡ ወረቀትና አንባቢ ይበቃል፡፡

ለእኅቴ ልጅ ዓርብ ማታ ከሻይ ቤቱ ስንወጣ አንድ ነገር ነግሬያት ነበር፡፡ «እነርሱ ባይፈትኑሽ እኔ እፈትንሻለሁ፡፡ እስከ እሑድ ማታ አንድ ገጽ» አልኋት፡፡ እሑድ ማታ አመጣችው፡፡ በሰፈራቸው አስፋልት ዳር የሰውነት ክብደት መለኪያ ሚዛን ዘርግቶ በሳንቲም ስለሚመዝን አንድ ልጅ ጽፋለች፡፡ እንባ የለበትም፡፡ ልጁ ሚዛኑን ከማን እንደተከራየው፣ ስንት ሰው ሲመዝን ምሳ እንደሚበላ አለበት፡፡ በመጨረሻውም አንቀጽ ላይ፣ ልጁ ጠዋት ጠዋት ከማንም በፊት ራሱን እንደሚመዝን ጽፋለች፤ «ሚዛኑ ሌሊት ውሸት ተምሮ እንዳያድር» ብሏታል፡፡

ሁለት ጊዜ አነበብሁት፡፡ ሁለት የሰዋስው ስሕተት አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ያለ አግባብ ረዝሟል፤ በቀይ አሠመርሁበት፡፡ ከሥሩም «ልጁ እዚህ አለ» ብዬ ጻፍሁ፡፡ ያን ለመጻፍ እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል፡፡

ሰኞ ጠዋት በስልኳ ምርጫዋን ሞላች፡፡ ጋዜጠኝነት አንደኛ፡፡ እናቷ እስከ ዛሬ አላናገረችኝም፡፡ ድልድሉ ገና አልወጣም፡፡ ሲወጣም ያች ገጽ ከቁጥር አትገባም፤ የአንትሮፖሎጂና የሒሳብ ውጤቷ ነው የሚፈርድባት፡፡ ከገባች ስለ ሚዛኑ ልጅ ጽፋ አይደለም የምትገባው፤ ከቀረችም ስለ ሚዛኑ ልጅ ጽፋ አይደለም የምትቀረው፡፡ ሀገሪቱ አንድ ልጅ በአስፋልት ዳር ሚዛኑን በየማለዳው እንደሚመረምር የምታውቀው ከአንድ የባንክ ሠራተኛ በቀር በማንም ዘንድ ስላልተነበበች አንዲት ገጽ ብትሆን አያሳፍርም?

የሚዛኑ ልጅ ከእኛ ይበልጣል፡፡ እርሱ ሌላውን ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑን ይመዝናል፡፡

ለመሰናበቻ ያህል፣ በዚያው ሌሊት በደብተሩ የመጨረሻ ባዶ ገጽ ላይ የጻፍኋትን አራት ስንኝ እነሆ፤

ቃሌን ሳታነቡ፣ ቁጥሬን ብቻ አይታችሁ፣
ከደጅ ከምትመልሱኝ፣ በሩን ዘግታችሁ፣
አንዲት ገጽ ስጡኝ፣ አንዲት ጠብታ ቀለም፤
በጻፍሁት ልውደቅ፣ ያኔ ቅሬታ የለም፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡